የሰማያዊዋ መኪና ሾፌር

ሎሚ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ሎሚ የቤት ስሟ ነው። ስትወለድ ፊቷ ቢጫ ስለነበር አባቷ ገና እንዳያት፣ «ይቺ ሎሚ ናት እንጂ ልጅ ናት እንዴ!» አለ፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ከዳቦ ቤት ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ትኖር ነበር። እናቷ ልብስ ሰፊ፣ አባቷ የአውቶብስ ሾፌር ናቸው። ታናሽ ወንድሟ ስድስት ዓመቱ ነው። ጉንጮቹ እንደ ተነፋ ፊኛ ስለሆኑ ሰው ሁሉ ጉንጬ ይለዋል።

ልጆች፣ ይህ የሆነው ቴሌቪዥን ጀርባው ወፍራም በነበረበት ጊዜ ነው። የእነ ሎሚ ቴሌቪዥን ጠረጴዛውን ብቻውን ይሞላው ነበር። ሲጠፋ መሃሉ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ትቀራለች። ነጥቧ እስክትሰወር ድረስ ሁለቱ ልጆች ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩዋታል። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አባታቸው ከሥራ ጓደኛው ያገኘው አሮጌ የጌም ማጫወቻ ነበር። ሲግል የሞቀ ፕላስቲክ ይሸታል። ከውጭ ደግሞ የዳቦው ሽታ ይገባል። ሎሚ ሁለቱ ሽታዎች ሲደባለቁ ደስ ይላት ነበር።

ጌሙ የመኪና እሽቅድድም ነው። ቀይ መኪና አለች፤ ሰማያዊ መኪና አለች። የሚነዱትም በጆይስቲክ፣ ማለትም ገመዱ ማጫወቻው ላይ በሚሰካ ባለ ቁልፍ የእጅ መሪ ነው። ችግሩ እናታቸው ናት። የኤሌክትሪክ ስፌት መኪናዋን ፔዳል በረገጠች ቁጥር ቴሌቪዥኑ ላይ ነጫጭ መስመሮች ይንቀጠቀጣሉ፤ መንገዱም አይታይም።

«እማዬ፣ አንዴ! አንዴ ብቻ! ልንጨርስ ነው!»

«ሰውየው መጥቶ ሸሚዙን አንድ እጅ ሆኖ ቢያገኘው መልሱን እናንተ ትሰጣላችሁ!» ትላለች እናት። ግን እግሯን ከፔዳሉ ታነሳለች። ሁልጊዜ ታነሳለች።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለጉንጬ እንዳትነግሩት። የጉንጬ ጆይስቲክ አልተሰካም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉንጬ ገና ትንሽ እያለ፣ «እኔም! እኔም!» እያለ ማልቀስ ጀመረ። እናት፣ «ወይ ሁለታችሁም ትጫወታላችሁ፣ ወይ ይጠፋል» አለች። ሎሚ ደግሞ ጉንጬን ታውቀዋለች። ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ይጫናል፤ ጨዋታው ይበላሻል። ስለዚህ የሁለተኛውን ጆይስቲክ ገመድ ከጠረጴዛው ጀርባ አዞረችና ጫፉን በእናቷ ክር ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰረችው። ከዚያ ጆይስቲኩን ለወንድሟ ሰጠችው።

«ሰማያዊዋ ያንተ ናት» አለችው።

ሰማያዊዋን የሚነዳት ግን ማጫወቻው ራሱ ነበር።

ወይ ጉንጬ! ሰማያዊዋ ወደ ግራ ስትታጠፍ እሱም ከነወገቡ ወደ ግራ ይታጠፋል። ስትፈጥን ምላሱን አውጥቶ ቁልፉን ይጫናል። አንዳንዴ ሰማያዊዋ ቀይዋን ትቀድማለች። ያኔ ጉንጬ ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል።

«ቀደምኳት! እማዬ፣ ሎሚን ቀደምኳት!»

«ጎሽ የኔ ሾፌር!» ትላለች እናት። ነገሩን አታውቅም።

አባትም ከሥራ ሲመጣ፣ «እንግዲህ እኔ ጡረታ ልውጣ፤ አውቶብሷን አንተ ትነዳታለህ» ይለዋል። ጉንጬ ለሴት አያቱ ሳይቀር በስልክ ነግሯታል። ሎሚ መጀመሪያ ላይ በሆዷ ትስቅ ነበር። በኋላ መሳቁንም ተወችው። ውሸቱ እንደ ቤት ዕቃ ሆነ፤ ተቀምጦ እያለ አይታያትም።

ከጊዜ በኋላ ማጫወቻው አረጀ። እየተጫወቱ መሃል ላይ ቀጥ ይል ጀመር። አባት አንድ ቅዳሜ ሁለቱንም ልጆች ይዞ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ሱቅ ሄደ። ጠጋኙ ግንባሩ ላይ አጉሊ መነጽር ያሰረ፣ ከዕቃ ጋር የሚያወራ ሰው ነው። ሲገቡ አንድ ሬዲዮ ከፍቶ፣ «ምን ሆንሽብኝ እመቤቴ?» እያላት ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር አሳያቸው። አንዱ ያገለገለ ኮምፒውተር ነው። ሌላው አዲስ ዓይነት የጌም ማጫወቻ ነው፤ ሁለት ጆይስቲክ አለው።

«ኮምፒውተሩ ብዙ ጌም ይይዛል፤ ለትምህርትም ይሆናል» አለ ጠጋኙ። «ግን ወንበሩ አንድ ነው። ይሄኛው ለትምህርት አይሆንም። ግን ሁለት ሆነው ይጫወቱበታል።»

«ሁለታችሁ የተስማማችሁበትን ነው የምገዛው» አለ አባት። «ካልተስማማችሁ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን።»

ሎሚ ልቧ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። ከተማ የሚሠራበት ጌም አለው። መንገድ ትዘረጋለህ፣ ቤት ታቆማለህ፣ ዛፍ ትተክላለህ። ደግሞ አንድ ወንበር! በክርኗ የሚገፋት ወንድም የለም።

«እኔ ይሄን! ሁለት ጆይስቲክ ያለውን!» አለ ጉንጬ። «እኔ እኮ ጎበዝ ነኝ ጋሼ፤ ሎሚንም እቀድማታለሁ።»

በር ላይ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቆሞ ነበር። «እስቲ እንይህ!» አለ።

ጠጋኙ ጆይስቲኩን ሰካና ለጉንጬ ሰጠው። እውነተኛውን ጆይስቲክ። መኪናዋ ተነሳች። ጉንጬ እንደ ልማዱ ወገቡን አጠፈ። መኪናዋ ግን አልታጠፈችም፤ ሄዳ ከግድግዳው ጋር ተላተመች። አዞራት። አሁንም ግድግዳው።

«ግድግዳውን ወደደው!» አለ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ። «መንጃ ፈቃድህን አምጣ ሾፌር!»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። የጉንጬ ጆሮዎች ቀሉ። ወደ እህቱ ዞረ።

«ሎሚ፣ ንገሪያቸው! ቤት እቀድምሽ የለ?»

ልጆች፣ ሎሚ እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ትችል ነበር። አፏ ውስጥ ነበር። ግን ኮምፒውተሩን አየችው። እውነቱን ከተናገረች ቅጣት አለ፤ ዝም ካለች ኮምፒውተር አለ።

«ዛሬ እጅህ ደክሞት ይሆናል» አለች።

ጉንጬ እጆቹን ገልብጦ አያቸው። ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

«አባዬ፣ ኮምፒውተሩ ይገዛላት» አለ። «የኔ እጅ ተበላሽቷል።»

«እንግዲህ ካልተመቻችሁ እስከ ሰኞ መልሱት» አለ ጠጋኙ፣ ኮምፒውተሩን ካርቶን ውስጥ እየከተተ።

ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ በሌላው ጥግ፣ በትንሿ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሎሚ ከተማዋን መሥራት ጀመረች። መንገድ ዘረጋች፣ ቤት አቆመች፣ ዛፍ ተከለች። ቆንጆ ከተማ ነበረች። ግን የሚጮህ የለም። እናት ፔዳሏን ያለማቋረጥ ረገጠች፤ «አንዴ!» የሚላት አልነበረም። እናትም ቀና ብላ፣ «ምነው ቤቱ ጭር አለ?» አለች።

ጉንጬ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይስብ ነበር። «እማዬ፣ እጄ ታሟል» አላት። እናት አገላብጣ ብታየው ምንም የለውም። ቢሆንም ለብ ያለ ውሃ አምጥታ አሸችለት።

እራት ተበልቶ እንደ ልማዳቸው ሊጸልዩ ቆሙ። የጉንጬ ተራ ደረሰ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ሁለቱን እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ።

«እግዚአብሔር ሆይ፣ እጄን እንደ ድሮው አድርግልኝ። ሎሚን ግን ኮምፒውተሩን ወሰደች ብለህ አትቆጣት፤ የተበላሸው የኔ እጅ ነው። አሜን።»

ሎሚ «አሜን» ማለት አቃታት። እንደ ድሮው! የድሮው እጅ የት ነበርና ነው የሚመለሰው? ወንድሟ በሽታ የሌለበትን እጅ እንዲፈወስለት እግዚአብሔርን እየለመነ ነው። በሽታውን የሰጠችው እሷ ናት።

በማግስቱ ጠዋት ጉንጬን እጁን ይዛ ወደ አሮጌው ማጫወቻ ወሰደችው። የሱን ጆይስቲክ ሰጠችው።

«ገመዱን ተከተለው» አለችው።

«ለምን?»

«ዝም ብለህ ተከተለው።»

ጉንጬ ገመዱን በጣቱ እየተከተለ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ጫፉ ከጠረጴዛው እግር ጋር ታስሯል። ክሩ አቧራ ጠጥቷል። ጉንጬ ክሩን በጥፍሩ ነካካው።

«ሰማያዊዋን ማን ነበር የሚነዳት?» አለ ከሥር።

«ማንም። ራሷ ነበረች። አታለልኩህ ጉንጬ።»

«ስቀድምሽም?»

«ስትቀድመኝም።»

«እኔ እኮ ለአያቴ ነግሬያታለሁ!» አለ። 

ሎሚ «ይቅር በለኝ» አለችው። ጉንጬ ግን ይቅር አላላትም። ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ከእናቱ የስፌት ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቆች መሃል ገባና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምሳ ሲቀርብም አልወጣም።

ልጆች፣ ይቅርታ መጠየቅ ማለት ወዲያው ይቅር መባል ማለት አይደለም። ሎሚ ይህን ያወቀችው ያን ቀን ነው። ሁሉንም ነገር ለእናቷና ለአባቷ ነገረቻቸው። እናት ክሩን አየችና፣ «በኔው ክር?» አለች። ያ ጥያቄ ከቁጣ ይከብዳል። ሎሚ ኮምፒውተሩን መልሳ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው። ከተማዋን እንኳ ዞር ብላ አላየቻትም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ አባት ካርቶኑን ተሸክሞ፣ ጉንጬም እያኮረፈ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ፣ ሦስቱም ወደ ጠጋኙ ሄዱ። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ዛሬም ከጓደኞቹ ጋር በር ላይ ነው።

«መጣ ሾፌሩ! ግድግዳ ሆይ፣ ተጠንቀቅ!»

 ሎሚ ፈሪ ልጅ ነበረች፤ ሰው ፊት መናገር አትወድም። ግን በወንድሟና በልጆቹ መሃል ቆመች።

«የሱ እጅ ጤነኛ ነው» አለች። «እሱ ተጫውቶ አያውቅም። ያልተሰካ ጆይስቲክ ሰጥቼው፣ እየነዳህ ነው ብዬ ዋሽቼዋለሁ። ቅዳሜም እዚሁ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ሳቁ ለኔ ነው የሚገባው።»

እነሱም ሳቁባት። «ሌባ! የጆይስቲክ ሌባ!» አሏት። ሎሚ ራሷን ዝቅ አድርጋ ቆመች።

ያኔ ጉንጬ ከአባቱ ኋላ ወጣ።

«አትሳቁባት!» አለ። «እህቴ ናት። እኔ ነኝ የምቆጣት።»

ጠጋኙ አጉሊ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ጎንበስ አለለት። «እሺ ጌታው፣ የቱን ልስጥህ?»

ጉንጬ እህቱን አያት፤ ሁለቱን ዕቃዎች አያቸው።

«ሁለት ጆይስቲክ ያለውን። ግን ገመዱን የምሰካው እኔ ነኝ። የሷንም እኔ ነኝ።»

አባት ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ሬዲዮዋ አዞረ።

ጉንጬ መጀመሪያ ግድግዳ ገጨ። ሲቆይ ዛፍ ገጨ። ብዙ ቀን ተሸነፈ፤ ሎሚም አውቃ አልተሸነፈችለትም። አንድ ቀን ግን በአዲሱም ማጫወቻ የመረጣት ሰማያዊ መኪና ከሎሚ ቀይ መኪና እኩል ደረሰች።

«እማዬ፣ አንዴ!» ብላ የጮኸችው ሎሚ ነበረች።

እናት እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። መስመሮቹ ጠፉ። መንገዱ ጥርት ብሎ ታየ። ሰማያዊዋ በአፍንጫዋ ቀድማ ገባች። ጉንጬ ግን እንደ ድሮው አልጮኸም። ጆይስቲኩን አስቀምጦ ወደ ጠረጴዛው ጀርባ ሄደ፣ ገመዱን እስከ ጫፉ በእጁ ዳሰሰው፣ ተመልሶ መጣ።

«ተሰክቷል» አለ። ከዚያ ጮኸ! ዳቦ ቤቱ ድረስ ተሰማ። ሎሚም አቅፋው አብራው ጮኸች።

ዛሬ ያ ቴሌቪዥን የለም፤ ነጭ ነጥቧም የለችም። ዳቦ ቤቱም ሌላ ነገር ሆኗል። ጉንጬ ጉንጩ ጠፍቶ ቁመቱ በሩን ሊነካ ደርሷል። አሮጌው ጆይስቲክ ግን በእናታቸው ቁም ሳጥን ላይ፣ ክሩ እንደታሰረበት፣ ተቀምጧል። ጉንጬ እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ አንስቶ አቧራውን ይጠርገዋል። ሎሚም፣ «ሰማያዊዋ ያንተ ናት» ትለዋለች። ሁለቱም ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ይስቃሉ።

ልጆቼ፣ የምትወዱትን ሰው በውሸት አታስደስቱት፤ ብትሸማቀቁም እውነቱን ነግራችሁት ከጎኑ ተቀመጡ።