ዘግይቶ የሚገባው ምት

ጂን መኖሩን ቁርኣን ነግሮናል፣ እሱን አልክድም፣ ግን ጂን ሥራ ፈትቶ እኛ ከተማ መርሳ ድረስ መጥቶ የሰው ሬዲዮ ያበላሻል የሚለውን ወሬ በሕይወቴ አምኜው አላውቅም። አስፋልቱ ዳር ባለችው ሱቄ ስንቱን ጠግኛለሁ መሰላችሁ፣ ማንም ሳያስተምረኝ፣ የአባቴን ሬዲዮ ፈትቼ መልሶ መግጠም ሲያቅተኝ እየተቆጡኝ የለመድኩት ሙያ ነው፣ እና "ቴፔ ለብቻው ያወራል" ብሎ ደንግጦ የመጣውን ሁሉ ውስጡ የገባውን በረሮ አውጥቼ ሳሳየው አፍሮ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ፣ ይቺ ሴት ድሮም ነካ ያደርጋት ነበር እንዳትሉኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ድቤ መቺ ነው። ድቤ ደግሞ እኛ ዘንድ ለብቻ አይመታም፣ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ መሪው ክፍተት ይተዋል፣ ተቀባዩ እዚያች ክፍተት ውስጥ ይገባል። የሰይድ ተቀባይ ይማም ነበር፣ የግራና ከተማ ልጅ፣ መውሊድ ላይም ሠርግ ላይም አይለያዩም ነበር። ይማም አንድ ዓመል ነበረበት፣ ዘግየት ብሎ ነው የሚገባው፣ ረስቶታል ብለህ ልብህ ሊወድቅ ሲል ከች ይላል። ጦርነቱ ሲመጣ አብረው ከቤት ወጡ፣ ሰይድ ግራ እጁ አቅም አጥቶ ተመለሰ፣ ይማም ግን አልተመለሰም፣ የሚቀበር እንኳ አልመጣልንም። አላህ ይዘንለት ስል ሰይድ ይቆጣኛል፣ "ሬሳውን አይተሻል?" ይለኛል።

በዚያ እጁ ድቤውን ቢመታው ድምፅ የለውም። ወልድያ ሠርግ የሚያጫውት ተፈራ የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች ግን፣ የኤሌክትሪክ ከበሮ ከሠራሽለት እወስደዋለሁ አለኝ፣ ኪቦርዱንም የከበሮውንም ዕቃ ራሱ አመጣ። የሰይድ ልጆች እንጀራ በዚህ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ከሚመታው ጎማ ሥር ፒዞ የምንላት ቀጭን ክብ ናስ ትለጠፋለች፣ ስትመታ እሷው ራሷ ቅንጣት ኤሌክትሪክ ታወጣለች፣ ያቺ ናት ኪቦርዱን የከበሮ ድምፅ እንዲያወጣ የምትቀሰቅሰው። የደከመውን የግራ እጁን ምት እንድትሰማ ትራንዚስተር ጨምሬ አጎላሁላት፣ ሰማችም፣ እመኑኝ ያን ቀን እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ብቻ አንድ ጊዜ ሲመታ ሁለት ጊዜ ትጮሃለች።

ተፈራ ሰምቶ፣ "ዘሐራ፣ ይሄ ከበሮ ይንተባተባል፣ ሙሽራ ፊት ልታዋርጂኝ ነው?" አለኝ። እኔም አልደነገጥኩም፣ የታወቀ ብልሽት ነው፣ ጎማው ተመትቶ ሲንቀጠቀጥ እንደ ሁለተኛ ምት ይቆጠራል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም አንድ ካፓሲተር ታስገባለህ፣ እሱ ሞልቶ እስኪጎድል ድረስ በሩ ዝግ ይሆናል፣ መንቀጥቀጡ ውጭ ይቀራል። አስገባሁ። ሁለተኛው ምት በሩ እንደተከፈተ ገባ። ተለቅ ያለ ካፓሲተር አስገባሁ፣ ያም እስኪጎድል ጠብቆ ገባ። መንቀጥቀጥ ትዕግሥት አለው እንዴ?

ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ የገበያ ቀን። ኪቦርዱንም ሁሉንም ነቅዬ ፒዞዋን ብቻ ከኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ ከባለ መርፌው ቴስተር ጋር አገናኘሁ፣ ጎማው ላይ ጨው በተንኩ፣ በጣቴ መታሁት። መርፌው ዘለለ፣ ወረደ፣ ጨውም ረጋ። ልተነፍስ ስል መርፌው እንደገና ተነሳ፣ ጨውም አብሮ ዘለለ። መኪና ነው ብዬ ወጣሁ፣ አስፋልቱ ላይ ከአህያ በቀር የለም። ከበሮውን ፍራሽ ላይ አስቀምጬ ደገምኩት፣ ያው ነው፣ እንዲያውም አሁን መሃሉ ላይ የጣት ያህል ቦታ ከጨው ተጠርጎ ነበር፣ እኔ የመታሁት ደግሞ ዳሩን ነው። ሳልመታው ስቀመጥ ምንም የለም። የሚመጣው ሲጠሩት ብቻ ነው።

ሰይድ ሲገባ ምንም ሳልነግረው ኪቦርዱን መልሼ ሰካሁና "እስቲ ምታ" አልኩት። መታ፣ ክፍተቱን ተወ። ዘግየት ብሎ መጣ። ሰይድ አልደነገጠም፣ ፈገግ አለ፣ ከተመለሰ ወዲህ ያን ፈገግታ አይቼው አላውቅም።

"ታውቅ ነበር?"

"ከመጀመሪያው ቀን። ብልሽት ነው ስትይ ምን ልበልሽ እቴ።"

"ተፈራ እንዲህ ሆኖ አይወስድህም።"

ጎማውን ሲዳብሰው ቆየ። "ልጆቹ ባይኖሩ..." አለና ተነሣ። "በይ አጥፊው። እኔ ግን እዚህ ሆኜ አላይም።"

የቀረኝ መንገድ አንድ ነበር፣ ደከም ያለውን ምት ሁሉ እንዳያሳልፍ ማድረግ። አደረግኩት። ሁለተኛው ምት ጠፋ፣ የሰይድም ግራ እጅ አብሮ ጠፋ፣ የሁለቱ ምት ወላሂ ክብደቱ እኩል ነው።

ወልድያ በነበረው ሠርግ ላይ ሰይድ በቀኝ እጁ ብቻ ሲመታ ዋለ፣ ክፍተቱን እየተወ፣ ክፍተቱም ባዶውን እያለፈ። ሲያልቅ ተፈራ ከበሮውን መኪና ላይ እያስጫነ፣ "አሁን ጠራ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ግን ከእንግዲህ የሚመታው የሚስቴ ወንድም ነው፣ ሁለት እጅ አለው" አለኝ። ሰይድ ሰምቷል። ወደ መርሳ ስንመለስ ሚኒባሱ ሲሪንቃ ከተማን እንዳለፈ ሰይድ፣ "አብሽሪ፣ የኔስ እጅ ግድ የለም" አለኝ፣ የማን እጅ እንዳሳሰበው አልጠየቅኩትም።

አሁን ከሰዓት በኋላ ሱቄ እየመጣ ይቀመጣል፣ የሥራ ጠረጴዛዬን በጣቱ ይመታል፣ ክፍተት ይተዋል፣ ጆሮውን ያዘነብላል፣ ከዚያ ይቀጥላል። እኔ ምንም አልሰማም። አንድ ትርፍ ፒዞ መሳቢያዬ ውስጥ አለች፣ ቴስተሩም እጄ ላይ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ለጥፎ መርፌው ክፍተቱ ላይ ይነሣ እንደሆነ ማየት የደቂቃ ሥራ ነው። መሳቢያውን እከፍተውና እዘጋዋለሁ። ሰይድም ያየኛል፣ ለምን እንደምከፍተው ያውቃል፣ አንድም ቀን ለጥፊያት አላለኝም፣ ተይውም አላለኝም።