የባርኮት ሃምሳ ስድስት ትንፋሽ

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ በገባ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ የዳሞታ ተራራ ጉሙን እስከ አንገቱ ተከናንቦ፣ የጉኑኖ መንገድ ጭቃ ሆኖ ባደረበት ማለዳ፣ የአንድ ለአምስት ጠርናፊው አቶ ኤርሳዶ በሦስት ዓመት ልጃቸው ፊት ተንበርክከው የእጅ ሰዓታቸውን ይመለከቱ ነበር። ባርኮት ታስነጥሳለች፤ ንፍጧም ከአፏ ደርሷል።

ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ አርባና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ለነገ እንደማይባል አቶ ኤርሳዶ በሥልጠና ተምረዋል፤ ይህንኑ ለጠረነፏቸው አምስት አባወራዎች አስተምረው፣ በማግሥቱ የሞዴል ቤተሰብ ምስክር ወረቀት ሊቀበሉ ነበር። አሁን ግን ወረቀቱ ትዝም አላላቸው። የበኩር ልጃቸውን «ጉንፋን ነው፤ ያልፋል» እያሉ ዘግይተው ነው የቀበሩት፤ ከዚያ ወዲህ ልጅ ባስነጠሰ ቁጥር ልባቸው ይርዳል።

«ሃምሳ ስድስት!» ብለው ጮኹ። «ሽታዬ፣ ልጄ አለቀች!»

ሚስታቸው ወይዘሮ ሽታዬ ዘወር ብለው ልጅቷን አዩ። «ያኛው እኮ መብላትም መጠጣትም እምቢ ብሎ ነበር። ይቺ ሁለተኛ ጎደሬዋን ጨረሰች። ጉንፋን ነው።»

«ቁጥር አይዋሽም!» አሉና አቶ ኤርሳዶ አዋጅ ነገሩ። አምስቱ አባወራዎች እየተንደረደሩ መጡ፤ ለምጥ እንጂ ለንፍጥ ወጥቶ የማያውቀው የቀበሌው ቃሬዛም ወጣ። ባርኮት ላዩ ላይ ተቀምጣ፣ ሦስተኛ ጎደሬዋን እየገመጠች፣ «ፍጠኑ!» እያለች ጉዞ ወደ ጤና ኬላ ሆነ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተናኜ የልጅቷን ልብስ ገልጣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች።

«ሃያ ስምንት። ደረቷም አልሰረጎደም። ጋሽ ኤርሳዶ፣ እስቲ እንዴት እንደቆጠሩ ያሳዩኝ።»

አቶ ኤርሳዶ ጣታቸውን ቀሰሩ። የልጅቷ ሆድ ከፍ ሲል «አንድ»፣ ዝቅ ሲል «ሁለት» አሉ።

ቃሬዛውን ከፊት የተሸከሙት አቶ ጩማ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። «እንግዲያ እኔ ሰኞ ዕለት የልጅ ልጄን አዝዬ ቦዲቲ ከተማ ሐኪም ቤት ድረስ የሄድኩት በዚህ ቆጠራ ነው?»

ተናኜ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። መድኃኒት አያሻትም፤ ሞቅ ያለ ነገር አጠጧት፤ አፍንጫዋን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉላት፤ ምግቧንም አትከልክሏት። ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም መጠጣት እምቢ ካለች፣ ያን ጊዜ ሮጣችሁ ኑ፤ ቃሬዛውም አያሳፍርም።»

አቶ ኤርሳዶ ልጃቸውን አንሥተው አቀፉ፤ በሰው ፊትም አለቀሱ። ባርኮት ንፍጧን በኮታቸው ኮሌታ ጠረገች።

ምስክር ወረቀቱን በማግሥቱ ተቀበሉ፤ የዓመቱ የቀበሌ ሪፖርትም «ቃሬዛ በዐሥራ አንድ ደቂቃ ያንቀሳቀሱ ጠርናፊ» ብሎ አመሰገናቸው። ጉንፋን ይዟት በሳምንቷ የዳነች ልጅ የምትጻፍበት ሰንጠረዥ ግን አልነበረም። አቶ ኤርሳዶ በዚያው ሳምንት አምስቱን ቤት እንደገና ዞረው፣ በየደጃፉ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ተሳስቼ ነበር፤ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው» ማለታቸውንም የጻፈ የለም።