ጠማማው የኖራ መስመር

ለሰሚው ሁሉ ይታወቅ፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የኳስ ሜዳው ሣር ታጨደ፤ መስመሩም በኖራ ተሰመረ። ማክሰኞ ማለዳ ደግሞ «ፊሽካው» የሚባሉት ሽማግሌ አስጎብኚ ከተመልካች መቀመጫው ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። ለመጀመሪያው ወሬ ማንም ጆሮ አልሰጠውም። መርማሪዋ ግን ከሁለቱ አጥብቃ የያዘችው እሱን ነበር።

ሟቹ የኳስ ዳኝነት ካቆሙ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዳ እያስከተሉ፣ ከሜዳው ማዕዘን የተተከለ አንድ ድንጋይ ሲያሳዩ ኖረዋል። «እግር ኳስ የተወለደው እዚህ ነው፤ ድንጋዩም ሁለት መቶ ዓመቱ ነው» ይላሉ። ከተማው እንጀራውን የሚያገኘው ከዚያ ድንጋይ ነው።

«ከደረጃው ወድቆ ነው» አለ ታናሽ ወንድማቸው፣ የክለቡ ሊቀመንበር። «ጋሼ ዓይኑ ደክሞ ነበር። እንግዶቹ ሳይደርሱ ብናነሳው ምናለ?»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን ጫማ አየች። ሄዳ ትኬት ሻጯን፣ የሟቹን ልጅ ጠየቀች።

«ትናንት ከአባትሽ ጋር ተጣልታችኋል አሉ?»

«አዎ። ‹ነገ ለእንግዶቹ እውነቱን ተናግሬ ይውጣልኝ› አለኝ። ጨዋታውን ያመጡት የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ ድንጋዩንም የተከለው አያቴ ነው፣ ከሁለት ልጆቹ ጋር። ‹ታዲያ ምን ልንበላ ነው?› ብዬ ጮህኩበት።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «የመጨረሻ ቃሌ ይሄ ሆኖ ቀረ።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማን ያላወቀ አለ! አባባ መቼ ምስጢር ይችላል? ፊሽካ አይደል?»

ሜዳ ጠባቂው ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሻሹ ቆመዋል።

«መስመሩን ጨርሼ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ ፊሽካው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ‹ከአንተ መስመር የእኔ ጀርባ ይጎብጣል› ብሎ ቀለደብኝ።»

«እንዴት ነው የሚያሰምሩት?»

«ሲባጎ ወጥሬ ነዋ! በዓይኑ የሚያሰምር ሰካራም ነው።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ድንጋዩ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«የሟቹ ሶል ንጹሕ ነው፤ ተረከዛቸው ግን ኖራ ነክቶታል። መስመር የረገጠ ሰው ሶሉ ይነጣል፤ ተረከዙ ብቻ የሚነጣው በጀርባው የተጎተተ ነው። ደረጃው ዘንድ መስመር የለም። እዚህ ግን አለ፤ ሁለት ክንድ ያህሉ ደግሞ ጠማማ ነው። ሰውዬው ሲጎተቱ ጠፍቶ፣ ጎታቹ መልሶ ቀባው።»

«እኔ አይደለሁም!» አሉ ሜዳ ጠባቂው።

«እርስዎማ ሲባጎ ይወጥሩ ነበር። የኖራው መጋዘን ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ የእኔ ነው፤ ሌላው...»

ሁሉም ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ።

«ድንጋዩን ሊነቅል ሲታገል ደረስኩ» አለ ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ። «ገፋ ነው ያደረግኩት። ራሱን ድንጋዩ መታው። ለከተማው ብዬ ነው! ይሄ ሁለት መቶ ዓመት የቆመ ቅርስ ነው!»

የእንግዶቹ አውቶቡስ ደርሶ ቆመ። ሁለት ፖሊሶች ድንጋዩን ለምርመራ ሊወስዱት ያዙት፤ ሟቹ ግማሹን ፈንቅለውት ኖሮ አላስቸገረም። ከሥሩ አንድ የዛገ የለስላሳ ቆርኪ ወጣ።

የሳቀ የለም። ሊቀመንበሩ ተንበርክኮ ቆርኪውን አነሳና አፈሩን በአውራ ጣቱ ጠረገለት።

«ድንጋዩን የተከልን ዕለት አንድ ጠርሙስ ለሁለት ነበር የሰጠን አባታችን» አለ። «ጋሼ መጀመሪያ ለእኔ አቀበለኝ።»