የድሪቶው ጠርዝ

ሐምዲያ ሬሳ ማጠብ ከጀመረች ሠላሳ ዓመት ሆኗታል፤ የልጇን ሚስት አጥባ ግን አታውቅም። ውሃውን እያፈሰሰች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትፈትሻለች። ወዮላት፣ ምን ታድርግ! አንድ ያላት ልጅ ሙሳ፣ የሟቿ የሩቂያ ባል፣ ገዳይ ተብሎ የጣሊያኑ ካፒታኖ ግቢ ታስሯል። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ሸዋ ሮቢት ገበያ መሃል ይሰቀላል ተብሏል።

ጣሊያን ከገባ ሦስተኛው ረመዳን ነው። ሩቂያን ቀትር ላይ፣ ጓሮ ካለው የወፍጮ ድንጋይ አጠገብ ጭንቅላቷ ተፈንክቶ ያገኛት ራሱ ሙሳ ነበር። አቅፏት ሲጮህ ወታደሮች ደረሱና እጁን የፊጥኝ አሰሩት።

ሐምዲያ የሩቂያን ቀኝ እጅ አነሣች። ጥፍሮቿ ሥር ደም ደርቋል። ከጭንቅላቷ በቀር ግን ገላዋ ላይ አንዲት ጭረት የለም።

«የማንን ቆዳ ነው ይዘሽ የሄድሽው፣ ልጄ?» አለቻት። ከፍናት ስትጨርስ በቀጥታ ወደ እስር ቤቱ ሮጠች።

«እማ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም!»

«መማሉን ተወውና ክንድህን አሳየኝ።»

አገላብጣ አየችው። ንጹሕ ነው።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ማሽላው ላይ ወፍ ስጠብቅ።»

«ማን አየህ?»

«ወፎቹ» አለ ሙሳ። አልቀለደም፤ ሌላ ምስክር አልነበረውም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የሐምዲያ እውነት ግን ለማደር ጊዜ አልነበራትም። ጎህ ሲቀድ ሐምዲያ ከራቢዓ ቤት በር ላይ ቆመች። ራቢዓ የሩቂያ የስፌት ጓደኛ ናት፤ ባሏ አብዱሰላም ደብረ ሲና ታስሮ ዓመት አልፎታል። ካፒታኖው አገሩ ለተወለደችለት ልጁ ሩቂያን ትንሽ ድሪቶ አዝዟት ነበር። እንደኛ ድሪቶ የተገኘው ሁሉ የሚለጠፍበት አይደለም፤ ቁርጥራጩ በልክ ተቆርጦ፣ ነጩ ሰፋ ብሎ፣ እሱ በወረቀት እንደሣለው ነው። ለሚስቱ የሚልከው የድሪቶው ፎቶ ሜዳ ላይ ከተነሣ በኋላ፣ ሰፊዋ የምትጠራውን አንድ እስረኛ እፈታለሁ ብሏል።

«ድሪቶውን ማን ጨረሰው?» አለች ሐምዲያ።

«ራሷ ናት፣ እትዬ። እኔ መርፌም አልነካሁ። ትናንት ጠዋት ጨርሳ ለፎቶው ውሰጂው ብላ ሰጠችኝ። ሙሳ እዚያው ነበር፤ ሲጨቃጨቁ ትቻቸው ወጣሁ።»

ሙሳን ያሳሰረው ይኸው ቃል ነው። ሐምዲያ ጥርሷን ነከሰች። ዐይኗ የራቢዓ የእጅ አንጓ ላይ በተጠመጠመው ጨርቅ ላይ አረፈ።

«እጅሽን ምን ሆንሽ?»

«ቀትር ላይ ሞቷን ሰምቼ ስሮጥ የእሾህ አጥር ቧጠጠኝ።»

ከዚያ ወደ ካፒታኖው አስተርጓሚ ወደ ከበደ ሄደች። ፎቶ አንሺውን ከጀውሃ በመኪና ያመጣው እሱ ነው፤ ድሪቶውም ፎቶውም እጁ ላይ ናቸው።

«ካፒታኖው ካየኝ ከልጅዎ ጋር ነው የምሰቀለው፣ እትዬ።»

«አንተም የልጅ አባት ነህ፣ ከበደ። አንዴ ብቻ አሳየኝ!»

ከበደ ግራ ቀኙን አይቶ አወጣላት። ሐምዲያ ድሪቶውን ገልብጣ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች። ፎቶውን ፀሐይ ላይ አወጣችው፤ ሮቢ ወንዝ ዳር፣ ከበደ አንዱን ጫፍ፣ ራቢዓ ሌላውን ይዘው ድሪቶው በነፋስ ተወጥሯል። ጣቷን ፎቶው ውስጥ ባለው በራቢዓ እጅ ላይ አሳረፈች።

«ስንት ሰዓት ነው የተነሣው?»

«ሦስት ሰዓት።»

«ስድስት ሰዓት ላይ ገበያው ድረስ ሁለቱንም ይዘህልኝ ና።»

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ገመዱ ከዋርካው ላይ ተንጠልጥሏል። ሕዝቡ በግድ ተሰብስቧል፤ ራቢዓም መጥታለች። ሙሳን አምጥተው ሲያቆሙት ሐምዲያ ካፒታኖው እግር ላይ ወደቀች። «ቃል ልናገር ትላለች» አለ ከበደ። ካፒታኖው ሰዓቱን አየና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ሐምዲያ ድሪቶውን ከከበደ ተቀብላ ዘረጋችው።

«እናንተ የሩቂያ ጎረቤቶች! በጾም ሩቂያ ክር እንዴት ነበር የምታሾለው?»

«በፍንጃል ውሃ እያራሰች!» አለች አንዲት ሴት። «ስንት ስቀንባታል!»

«ለምን?»

«አባቷ ሸህ ናቸዋ! በምራቅ የራሰ ክር አፍ ተመልሶ እርጥበቱ ከተዋጠ ጾም ያፈርሳል ብለው አስተምረዋታል። እንኳን ልትነክሰው ከንፈሯም አይደርስ፤ በመቀስ ነው የምትቆርጠው።»

«እንግዲህ እዩ። ሦስቱ ጠርዝ ላይ ክሩ በመቀስ ተቆርጧል፣ ጫፉ ቀጥ ያለ ነው። አራተኛው ላይ ግን በጥርስ ተነክሷል፤ ይኸው ተበጣጥሷል። ይህን ሩቂያ አልሰፋችም። ራሷ ጨርሳ ሰጠችኝ ያለችን ማን ናት?»

ሁሉም ዞሮ ራቢዓን አየ።

«ክር መንከስ ሰው አይገድልም፣ እትዬ» አለች ራቢዓ።

«አይገድልም። ሩቂያ ግን በጥፍሯ የአንድ ሰው ሥጋ ይዛ ሞታለች፤ ያጠብኳት እኔ ነኝ። የሙሳን ክንድ ያላመነ ይየው። ያንቺን ቀትር ላይ እሾህ ቧጠጠኝ አልሽኝ። ፎቶው ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣ፤ ጨርቁ ያኔውኑ እጅሽ ላይ ነው! ከበደ፣ አሳያቸው።»

ከበደ እያስተረጎመ ፎቶውን ለካፒታኖው አቀረበ። ራቢዓ አልሮጠችም። ባለችበት ዘጭ አለች።

«ለአብዱሰላም ነበር የተባባልነው!» አለች። «ሁለት ወር ቁርጥራጭ ለቅሜ አቀበልኳት። አንድ ጠርዝ ሲቀራት ‹የታሰረውን ወንድሜን ነው የማስፈታው› አለችኝ። ገፋኋት። መግፋት ብቻ ነው፣ እትዬ! እጄን ቧጥጣ ይዛኝ ነበር፤ አመለጠችኝና ድንጋዩ ላይ ወደቀች። እሷ እዚያ ተጋድማ እኔ ቁጭ ብዬ ጠርዙን ሰፋሁ።»

ሙሳን ፈቱት። እናቱ አንገቱን፣ ትከሻውን እየዳበሰች «አልሀምዱሊላህ» አለች። ወታደሮቹ እሱን ያሰሩበትን ገመድ ለራቢዓ አነሡ።

«ባሌስ?» አለች ራቢዓ። ከበደ ጠየቀላት፤ ካፒታኖው ድሪቶውን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ከተተና ትቷት ሄደ።

ራቢዓ ወደ ሐምዲያ ዞረች።

«እኔንም የሚያጥቡኝ አንቱ ነዎት አይደል?»

ሐምዲያ የልጇን እጅ ለቀቀች። ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለቻት። «ሌላ ሰው አያጥብሽም።»