ከኮፈኖው ፊት የቆመው ሰው

ሐሙስ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ከጣና ላይ ገና ብቅ እንዳለች፣ ኢንስፔክተር ሥርጉት ከባጃጅ ወርዳ የደንገሉን ጠርዝ ይዛ ወደ ሾላው ዛፍ አቀናች። ከሩቅ የታያት መኪናው ብቻ ነበር፤ ጥቁርና ግዙፍ፣ ጣሪያው ከዛፉ ዝቅተኛ ቅርንጫፎች ጋር የተካከለ። ሰውየውን ያየችው አጠገቡ ከደረሰች በኋላ ነው። በመኪናው አፍንጫና በሾላው ግንድ መካከል ተጣብቆ፣ እንደ ቆመ ሞቷል። እንዳይወድቅ ደግፎ የያዘው ያው የገደለው መኪና ነበር።

ሐይቁ ጸጥ ብሏል። የወፍ ድምፅ እንኳ አይሰማም።

«አቶ ሕዝቅኤል ይባላሉ፤ የኮሌጅ አስተዳደር ኃላፊ ናቸው፤ ቤታቸው ፋሲሎ ነው» አለ ቀድሟት የደረሰው ሳጅን ገድሉ። «ያገኟቸው መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ናቸው፤ ከዚያ ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ። ነገሩ አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር። ማርሹ አልገባም፣ ፎሌ ላይ ነው፤ የእጅ ፍሬኑም አልተያዘም። ወርደው ከፊቱ ሲቆሙ ቁልቁል ተንሸራትቶባቸው ነው። ዘንድሮ የደመወዝ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ መኪና ላይ ወጥቷል፤ አያያዙን ግን ማን አስተማረው?»

ሥርጉት የመኪናውን ኮፈኖ እያየች ነበር። አቧራው ላይ ሁለት መዳፎች ጎን ለጎን ታትመዋል፤ ጣቶቹ ተዘርግተዋል፤ ከዚያ ወደ ታች ተንሸራትተዋል።

ወደ ኋላ ዞረች። የኋላ ጎማዎቹ የቆሙት በጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከበስተኋላቸው፣ አራት እርምጃ ያህል ርቆ፣ የደንገሉ ቅጠል እስከ ወገቡ ጭቃ ተረጭቶበታል። ጭቃው ገና እርጥብ ነው።

በሩን ከፍታ ወደ ላይ ወጣች። ሥርጉት አጭር ሴት ናት፤ ሆኖም እግሯ ፔዳሉን በቀላሉ አገኘው። ሟቹም እንደ እሷ አጭር ነበር። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆና ስታይ መንገዱ፣ ባጃጁና ከበው የቆሙት ሰዎች ሁሉ ትንንሽ መሰሏት። ለአፍታ ደስ አላት፤ ደስ ማለቷም ቀፈፋት። ቀና ብላ የውስጡን ስፖኪዮ አየች። የኋላው መስኮት አልታየበትም፤ የታያት የመኪናው ጣሪያ ነበር።

«ገድሉ፣ ይህን መስታወት ማንም እንዳይነካው» አለች።

ፋሲሎ ውስጥ፣ ከሟቹ ቤት ደጃፍ ድንኳን ተተክሏል። ሚስቱ ቃልኪዳን ነርስ ናት፤ ለቅሶው ድምፅዋን ወስዶታል።

«ጠልቼው ነበር ያን መኪና» አለች። «ድሮ እንዲህ ያለውን ባለሥልጣን ብቻ ነበር የሚይዘው። አሁን ግን መምህሩም፣ የቢሮ ሠራተኛውም እሱን ካልነዳ ሰው የሆነ አይመስለውም። ሕዝቅኤልም ከትንሽ መኪና ስወርድ ማንም አያየኝም ይል ነበር። ከገዛው በኋላ ደግሞ ለወንድሙ እንኳ አላስነዳም አለ።»

«ሁለተኛ ቁልፍ የለውም?»

«ክንዱ የሚባል ጓደኛው ጋ ነው። የፋብሪካ መሐንዲስ ነው፣ ጎረቤታችን። አዲስ አበባ ሄደው ያመጡት አብረው ነው፤ ቢጠፋብኝ አንተ ጋ ይቀመጥ ብሎ ሰጠው። ግን እሱም ነድቶት አያውቅም።»

«ሰሞኑን ባለቤትዎ እንዴት ነበሩ?»

ቃልኪዳን ዓይኗን ጠረገች። «ዓርብ ዕለት መኪናውን አጥቦ አቆመና በጀልባ ወደ ጎርጎራ ሄደ፤ ለንግሥ። እኔ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ተረኛ ነበርሁ፤ ቤቱ ባዶ ነበር። እሑድ ሲመለስ ደኅና ነው። ከሰኞ ጀምሮ ግን መብላት ተወ። ዛሬ ገና ሳይነጋ ተነሣ። ወዴት ነው ብዬ ብጠይቀው 'ከመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ጋር ጉዳይ አለኝ' አለኝ። የማን መሪጌታ? እኔ አላውቃቸውም።»

ሥርጉት ልትወጣ ስትል ዞር ብላ ጠየቀች። «ይህ ክንዱ ባለትዳር ነው?»

«ሊያገባ ነው። ሰሞኑን ሐሙሲት ከተማ ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሏል። ማኅሌት ትባላለች።»

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያትን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ከል ለብሰዋል።

«ሟቹን ያውቋቸው ነበር፣ አባቴ?»

«አላውቃቸውም፣ ልጄ። ሬሳቸውን ነው ያየሁት።»

«እሳቸው ግን ዛሬ ወደ እርስዎ እየመጡ ነበር።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «እኔን ማን ይፈልገኛል? ያለፈው ቅዳሜ ባለቤቴን አገርነሽን ቀበርሁ… አይ፣ ቅዳሜ ሞተች፤ እሑድ ነው የቀበርኋት። ሐሙሲት እህቷን ጠይቃ ስትመለስ አስፋልቱ ዳር መኪና ገጭቷት ሄደ። የማን መኪና እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም።»

የሥርጉት እጅ ማስታወሻዋ ላይ ቆመ። «ባለቤትዎ ቁመታቸው እንዴት ነበር?»

«ትከሻዬ ላይ አትደርስም ነበር» አሉ መሪጌታ። «ስናረጅ ደግሞ ጭራሽ አነሰች።»

ሳጅን ገድሉ ከቅጽሩ ውጭ ጠበቃት። «እሳቸው ናቸው እንዴ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሚስታቸውን የገጨው ሕዝቅኤል ከሆነና ካወቁ…»

«ሕዝቅኤል ቅዳሜ ጎርጎራ ነበር» አለች ሥርጉት። «መሪጌታም መሪ ጨብጠው አያውቁም። ሕዝቅኤል መኪናውን የሚያሠራበት ጋራዥ የት ነው?»

የጋራዡ ባለቤት መልካሙ በሩን ዝቅ ብሎ የሚያልፍ ዘለግ ያለ ሰው ነው። ማክሰኞ ዕለት ከሕዝቅኤል ጋር ሲጯጯሁ ሠራተኞቹ ሰምተዋል።

«የተጣላነው በክር ነው» አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «መኪናውን ይዞት መጣ፤ የፊቱ ካሜራ ተሰብሯል። ኮፈኖው ረጅም ስለሆነ ከታች ያለውን የሚያሳየው እሱ ነው። የፊቱን ፍርግርግ ስጠርግ የነጠላ ጥለት ክር አገኘሁ። ልጥለው ስል ጮኸብኝ፤ ነጥቆኝ በወረቀት ጠቀለለው። ካሜራውንም አትንካው፣ ለማንም እንዳትናገር አለኝ። እኔም ለሚስቴ እንኳ አልተናገርሁም።»

«መኪናው የነጂውን ወንበር ልክ የሚያስታውስ ነገር አለው የተባለው እውነት ነው?»

«በሩ ላይ ቁልፍ አለ። አንዴ ስትጫኚው ወንበሩ ባለቤቱ ወዳስለመደው ቦታ ይመለሳል። የውጮቹ ስፖኪዮዎችም አብረው ይስተካከላሉ።»

«የውስጡስ?»

«የውስጡ በእጅ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርህ?»

«እዚሁ። ከሌሊቱ አሥር ተኩል ጀምሮ የጎንደር አውቶቡስ ጎማ ስፈታ ነበር። ሃምሳ መንገደኛ ቆሞ ሲረግመኝ ነው የነጋልኝ» አለ መልካሙ።

መጨረሻ ክንዱን ያነጋገረችው ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ፣ መለሎ፣ ልብሱ የተስተካከለ ወጣት ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ማልቀሱ የእውነት ይመስላል።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «መጨረሻ ያየሁት ዓርብ ነው፤ ወደ ጎርጎራ ሲሄድ። ከዚያ ወዲህ እኔ የፋብሪካ ፈረቃ ላይ ነበርሁ፤ ድምፁንም አልሰማሁት።»

«መኪናውንስ ነድተኸው ታውቃለህ?»

«ከአዲስ አበባ ስናመጣው ጎኑ ተቀምጬ ነው የመጣሁ። ከዚያ በኋላ ገብቼበትም አላውቅ። ሁለተኛውን ቁልፍም ከወር በፊት መልሼለታለሁ።» ተነፈሰ። «እኔ እኮ ብዬው ነበር፤ ያ መኪና ከፊቱ የቆመ ሰው አያሳይም። የፊቱ ካሜራ ከተሰበረ ወዲህማ ጨለማ ውስጥ እንደ መንዳት ነው።»

ሥርጉት ማስታወሻዋን ዘጋች። አመሰገነችውና ወደ ሐሙሲት ስልክ ደወለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አራቱንም ሾላው ሥር ሰበሰበቻቸው። መኪናው ወደ ኋላ ተስቦ ደልዳላው ላይ ቆሟል። ሰማዩ ከብዷል፤ ሐይቁ የእርሳስ መልክ ይዟል።

«ሳጅን ገድሉ መኪናው ተንሸራትቶ ነው ብሎ ነበር» ስትል ጀመረች። «ማርሹም ፍሬኑም እንዲያ ይላሉ። ግን ተንሸራትቶ ዛፍ የገጨ መኪና እዚያው ይቆማል፤ ጎማው ጉድጓድ አይቆፍርም፤ ጭቃም ወደ ኋላ አይረጭም። ይህ መኪና ሾላው ካቆመው በኋላም ሞተሩ ሲገፋ ነበር። ስለዚህ ነዳጁን የረገጠ ሰው ነበር።»

ቃልኪዳን አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ያ ሰው ረጅም ነው። ወንበሩ ለአቶ ሕዝቅኤል ልክ ሆኖ ነው ያገኘሁት። የውስጡ ስፖኪዮ ግን እንደ እኔ ላለ አጭር ሰው ጣሪያ ነው የሚያሳይ። ነጂው ወንበሩን ለራሱ አስተካከለ፤ መስታወቱንም አብሮ አስተካከለ፤ ይህ የነጂ ልማድ ነው። ሲጨርስ ማርሹን ፎሌ ላይ አደረገ፤ አንድ ቁልፍ ተጫነና ወንበሩን መለሰው። መስታወቱን ግን ቁልፍ አይመልሰውም።»

መልካሙ ሳያስበው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አንተም ረጅም ነህ» አለችው። «ነገር ግን ሃምሳ መንገደኛ ጠዋቱን ሙሉ ሲረግምህ ነበር፤ የአውቶቡሱ ሾፌርም ስምህን መዝግቦታል። ክሩንና ካሜራውንም የነገርኸኝ አንተ ራስህ ነህ። ያ ካሜራ ያለፈው ሳምንት ዓርብ ደኅና ነበር፤ ማክሰኞ ጋራዥ የደረሰው ተሰብሮ ነው። መሰበሩን ለማንም አልተናገርህም፤ ለወይዘሮ ቃልኪዳንም አልተነገራት።» ዞር አለች። «ታዲያ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ባለቤቱን ያላየ፣ መኪናውም ውስጥ ያልገባ ሰው መሰበሩን ከየት ሰማ፣ ክንዱ?»

ክንዱ ከንፈሩን አራሰ። «ሰው… ሰው ነገረኝ።»

«ማን?»

ክንዱ ወደ ሐይቁ ዞረ።

«ሐሙሲት ደወልሁ። ቅዳሜ ከማኅሌት ቤተ ሰቦች ደጅ ጥቁር ትልቅ መኪና ቆሞ ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ አይቶታል። አማችህ 'የልጄ ባል መኪና' ብለው ለጎረቤት አሳይተዋል። ስትመለስ ወይዘሮ አገርነሽን ገጨህ። ሕዝቅኤል ሰኞ ዕለት የሞታቸውን ወሬ ሰማ፤ ወጥቶ የተሰበረውን ካሜራ አየ፤ ማክሰኞ ክሩን ሲያይ ገባው። ሌላ ቁልፍ ያለው አንተ ብቻ ነህ። ከፖሊስ በፊት ወደ መሪጌታ ሊያመጣህ ፈለገ። ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ለምን እሱ ከፊት ቆመ? ለምን አንተ መሪው ላይ ሆንህ?»

ነፋሱ ደንገሉን አንኮሻኮሸው። ክንዱ ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው መሰለ።

«እሱ ነው ና ተቀመጥና አሳየኝ ያለኝ። 'እኔም እንደ እሷ አጭር ነኝ፤ ከፊት ልቁም። እውነት ካላየሃት እኔም ቆሜ እመሰክርልሃለሁ' አለ። ሊያድነኝ ነበር የፈለገ። ደጋግሞ 'አሁን ታየኛለህ?' ይለኝ ነበር።»

«ታየህ?»

«ሲርቅ ይታየኛል። ሲጠጋ ይጠፋል። እሷንም እውነት አላየኋትም፣ ወንድማችሁ ልሁን፣ አላየኋትም! ከዚያ 'እንሂድና ለመሪጌታ ንገራቸው' አለኝ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ እሺታው እንደሚፈርስ አሰብሁ… ማኅሌትን አሰብሁ… እግሬ ነዳጁ ላይ ነበር።»

«ሕዝቅኤልንም አላየሁትም ልትል ነው?» አለች ሥርጉት።

ክንዱ ዓይኑን ከኮፈኖው ላይ አሸሸ።

«ሁለት እጁን ኮፈኖው ላይ ዘርግቶ ነበር። ከመሪው ላይ ሆኖ ያ በደንብ ይታያል። ትናንት ተቀምጬ አይቼዋለሁ።»

ቃልኪዳን እየጮኸች ወደ ክንዱ ልትሮጥ ስትል መልካሙ ያዛት። ሳጅን ገድሉ ካቴናውን አወጣ። ክንዱ እጁን ሰጠ፤ ሲታሰርም አልተቃወመም።

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ወደ ክንዱ ቀረቡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉት። «ያን ዕለት… ከመኪናው ወርደህ ነበር?»

ክንዱ መሬት መሬት አየ። «ወርጄ ነበር።»

«ነፍስ ነበራት?»

«ነበራት።»

«ተናገረች?»

ወጣቱ የታሰሩ እጆቹን ወደ ደረቱ ሳበ። «'ልጄ፣ አንተን ምንም አልነካህም?' አለችኝ።»

ሽማግሌው ኩታቸውን ሰበሰቡ። «አንተስ ምን አልሃት?»

«ምንም አላልሁ። ተነሥቼ ሄድሁ።»

ሥርጉት የክንዱን ክንድ ይዛ ወደ ፖሊስ መኪናው ወሰደችው። በሩን ዘግታ ዘወር ስትል መሪጌታ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በኩታቸው ሸፍነዋል። ቃልኪዳን ከመልካሙ እጅ ወጣች። ቀስ ብላ ሄደችና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።