ሁለት መሪ ያላት ብረት ለበስ

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1916 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ የሩሲያ ጦር በጋሊሲያ ግንባር ወደ ምዕራብ በሚገፋበት ጊዜ፣ ከእንግሊዝ አገር መጥታ በፔትሮግራድ እንደገና የተሠራች አንዲት ብረት ለበስ አውቶሞቢል በአቧራማው መንገድ ታዘግም ነበር። በጦርነቱ መጀመሪያ እንዲህ ያሉት መኪኖች ተኩስ ሲበረታባቸው መዞሪያ እያጡ በየመንገዱ ስለ ቀሩ፣ መሐንዲሶቹ መክረው ከኋላዋ ሁለተኛ መሪ ገጠሙላት፤ ሁለተኛ ሾፌርም አስቀመጡላት። ይህም ሾፌር፣ ቀድሞ በከተማው ጋሪ ነጂ የነበረው አሥር አለቃ ኒካኖር፣ ፊቱን ወደ አገሩ፣ ጀርባውን ወደ ጠላት አድርጎ ይዘምት ነበር።

የፊተኛው ሾፌር ዬቭሴይ የእኅቱ የግላፊራ ባል ነው።

«አንተማ ጦርነቱን በመቀመጫህ ነው የምታየው» እያለ ያበሽቀዋል።

«አንተ ይዘኸን ትገባለህ፣ እኔ ይዤህ እወጣለሁ። ግላፊራ የምታመሰግነው ማንን ይመስልሃል?»

ግላፊራ ሲሰነባበቱ ባሏን አደራ ብላ የሰጠችው ለወንድሟ ለኒካኖር ነበርና ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም።

በዚያች ጠባብ ብረት ውስጥ «ወደፊት» የሚባል ቃል አይነገርም፤ የአንዱ ፊት የሌላው ኋላ ነውና። ወደ ጠላት ለመሄድ «ወደ ሠርግ»፣ ለመመለስ «ወደ ቤት» ይባባላሉ። ዳሩ ግን የቀድሞው አዛዥ ታሞ በዚያ ጠዋት አዲስ መቶ አለቃ መጣ፤ ይህንንም ቋንቋ የነገረው አልነበረም።

ቀትር ላይ እሾሃማ ሽቦ የፊት ጎማዋን ተበተበው። ዬቭሴይ ወርዶ ሽቦውን ቆረጠ፤ ሊመለስ ሲል ግን ጭኑን ተመትቶ ከፊት ወዳለው ቦይ ተንከባለለ። መቶ አለቃው በቀዳዳው አየው፤ መኪናዋን ከለላ ሊያደርግለትም በውስጥ የቀረውን ሾፌር «ወደፊት!» ሲል አዘዘ።

ኒካኖር ግራ ገባው። በእርሱ ቀዳዳ የሚታየው የመጡበት መንገድ ብቻ ነው። የማን ፊት? እኔን ካዘዙኝ መመለስ ነው፤ መመለስ ከሆነ ዬቭሴይ ገብቷል ማለት ነው፤ ብሎ ነዳ። የመቶ አለቃውን ጩኸት የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። ጥቂት ፈቀቅ እንዳሉ የመድፍ ጥይት መኪናዋ ቆማ የነበረችበትን ስፍራ አረሰው።

ከኮረብታው ጀርባ ሲቆሙ የመቶ አለቃው ፊት አመድ መስሏል።

«ማን ተመለስ አለህ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ክቡርነትዎ። ወደፊት አሉኝ፣ ወደፊት ነዳሁ።»

መቶ አለቃው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ በሕይወት መኖሩ ትዝ አለውና መልሶ ዘጋው። ኒካኖር ዞሮ የፊተኛውን ወንበር ባዶውን አየ።

የጦር ክፍሉ ታሪክ፣ አሥር አለቃው አደጋውን አስቀድሞ አይቶ መኪናዋንና ጓዶቹን በብልሃት አዳነ ይላል፤ የጀግንነት መስቀልም ተሸለመበት። ወደ ጠላት ቢገፋ ኖሮ አማቹን ያተርፍ ነበር ወይስ ሁሉም አብረው ያልቁ ነበር? ታሪኩ ይህን አልጠየቀም፤ ኒካኖር ግን ሌላ ጥያቄ አልነበረውም።

በመከር ወደ ግላፊራ ቤት ገባ። እርሷ ለባሏ ጥቁር ሻሽ አስራለች።

«እሱ ሲወድቅ አንተ ወዴት ነበርክ የምትነዳው?» አለችው።

«ወደፊት» አላት።

ደረቱ ላይ ያለውን መስቀል አየችና አንገቱን አቅፋ አመሰገነችው።