እጅ የለመደችው ገብስማ

የ1988 ፋሲካ ዋዜማ ነበር። ይዘንጋሽ ቢላዋ በእጇ ይዛ፣ ገብስማዋን ዶሮ በግቢው ዙሪያ ታሯሩጣለች። አባቷ ለቅሶ ሄደው ቤቱ ወንድ አልነበረውም፤ ሴት ደግሞ አታርድም። እናቷ ወይዘሮ አማከለች ከጓዳ ይጮኻሉ።

«ያዝሻት?»

«አልያዝኳትም!»

«አውቄዋለሁ! ዘንድሮ ያለ ዶሮ ልንፈስክ ነው!»

እናትየው ሁልጊዜ ክፉውን ያስቀድማሉ። ይዘንጋሽም ይህንኑ ጠባይ ወርሳለች።

ዶሮዋ በአጥሩ በር ሾልካ ወጣች። ደጁ ላይ አንድ ረዥም ወጣት ቆሟል፤ ሞላሌ ከመጣ ወር ያልሞላው የእንስሳት ባለሙያ፣ ናሁሰናይ።

«ይያዙልኝ! ኧረ ይያዙልኝ!»

እሱ ግን አልሮጠም። ቁጢጥ አለና መዳፉን ገልብጦ ወደ መሬት ዝቅ አደረገ።

«ከላይ አትምጪባት፤» አላት ቀስ ብሎ። «ከላይ የሚመጣባት ጭልፊት ነው። እጅሽን ከሥር አምጪው፣ እያየችው።»

ዶሮዋ አንገቷን ዘመም አድርጋ አየችው፤ ቀረበች። እሱም ደረቷን ከሥር ደግፎ ብድግ አደረጋት።

«ይኸው ቢላዋው። ይባርኩልኝ።»

«ልቧ መዳፌ ላይ እየመታ? አልችልም!»

«ታዲያ በምን እንፈስክ?»

«አውራውን አምጪው።»

«እሱስ ምን በደለ?»

«እሱ አላመነኝም።»

ይዘንጋሽ ሳቀች። ያን ቀን አውራው ታረደ፤ ገብስማ ተረፈች።

ከዚያ ወዲያ ናሁሰናይ ከሥራ ሲወጣ ጎራ ማለት ጀመረ። ሰበቡ ዶሮዎቹን እጅ ማስለመድ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ዝም ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ። በሁለተኛው ገብስ ከመዳፋቸው አስለቀሙ። በሦስተኛው ገብስማ ደረቷን አስነካች፤ ከዚያም የይዘንጋሽ ጭን ላይ ወጥታ ዓይኗን ጨፈነች።

«አየሽ፣ አለመቸኮል ነው፤» አለ። «አንቺም ስቀርብሽ ትሮጫለሽ።»

«እኔ ዶሮ ነኝ?»

«ዶሮዋስ ለመደችኝ...»

ይዘንጋሽ አቀረቀረች። እጁ ግን እጇ ላይ ሲያርፍ አልሸሸችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ሆነ።

ሰኔ ላይ ወደ ዓለም ከተማ ተዛወረ።

«ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ። ታምኚኛለሽ?»

«አምንሃለሁ።»

ሐምሌ ላይ በሾፌር እጅ ደብዳቤ መጣ። ነሐሴ ላይም መጣ። ከዚያ ዝም። መስቀል አለፈ።

«ወይ አግብቷል፣ ወይ ታስሯል፤» አሉ ወይዘሮ አማከለች።

ይዘንጋሽ ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቧ ስትድረው አደረች። ሙሽራይቱን ሳይቀር አየቻት፤ የከተማ ልጅ፣ ጸጉሯን የተሠራች። ሲነጋ ያሰበችው ሁሉ እውነት መሰላት።

ጥቅምት ሚካኤል ዕለት ሽማግሌዎች መጡ። ከዘመሮ ነበር የመጡት፤ ሸዋንዳኝ ለሚባል ገበሬ። አባቷ ጓዳ ገብተው ጠየቋት።

«ልጄ፣ ምን ልበላቸው?»

የተተወች ተብላ ከምትቀር...

«እሺ ይበሏቸው፤» አለች።

ቃል ተሰጠ፤ እንግዶቹ ደግሞ መብላት ነበረባቸው።

«ገብስማዋን ያዢ፤» አሉ እናቷ። «ደግሞ እንዳታመልጥሽ!»

ከእንግዶቹ አንዱ ቢላዋ ይዞ ደጅ ቆሟል። ይዘንጋሽ ቁጢጥ አለች። እጇን ከሥር ዘረጋች።

በዘጠነኛው ቀን ናሁሰናይ መጣ። ጸጉሩን ተላጭቷል። ጥቁር ለብሷል። ይዘንጋሽ ገና ከሩቅ ስታየው ወደ ደጅ ወጣች።

«እናቴ ናት፤» አላት። «መስከረም አምስት።»

«ለምን... ለምን አልጻፍክልኝም?»

«መርዶ በደብዳቤ ይላካል እንዴ? እኔው መጥቼ ልነግርሽ ብዬ ነው። አርባዋን ሳላወጣ ሽማግሌ መላክም ነውር ሆነብኝ። አሁን አጎቴ ነገ ይደርሳል፣ ሁለት ሰው ይዞ...»

እሱ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ እንደ ድሮው ቁጢጥ አለና መዳፉን ዘረጋ።

«ገብስማ የት አለች?»

«ታረደች።»

«ለምን?»

«ለሽማግሌዎች... ለሌላ ሰው ሽማግሌዎች።»

የተዘረጋው እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ስትይዣት ተጨነቀች?»

«አልተጨነቀችም። እጄን ስዘረጋላት ራሷ መጣች።»

መዳፉን ቀስ ብሎ ጨበጠ።

«ይዙ... አርባ ቀን?»

«የተውከኝ መሰለኝ!»

«ዶሮዋ እንኳ ሦስት ሳምንት ጠብቃ አመነችኝ። አንቺ ግን...» አልጨረሰውም። ብድግ ብሎ አቧራውን አራገፈ። «አባትሽ ቃላቸውን ሰጥተዋል። አታዋርጂያቸው። አጎቴን መንገድ ላይ እመልሰዋለሁ።»

«እናትህን ነፍስ ይማር፤» አለችው።

«አሜን፤» ብሎ ሄደ። ዞር ብሎ አላየም።

ጥር ላይ ተዳረች። ሸዋንዳኝ ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። በዘመሮም ዶሮ ታረባለች። ግን ገብሱን ከሩቅ በትናላቸው ትገባለች፤ ከቀረቧት «እሽ!» ብላ ታባርራለች።

«ምን በደሉሽ?» ይላታል ባሏ እየሳቀ።

«እጅ እንዳይለምዱ ነው።»

አንድ ቀን አንዲት ቄብ እህል ለቅማ ስትጨርስ አልሄደችም። እሷም ገብስማ ነበረች። አንገቷን ዘመም አድርጋ አየቻት፤ ቀረበች። የይዘንጋሽ እጅ ሳታስበው ተገለበጠ፤ ወደ መሬት ወረደ። ልትነካት አንድ ስንዝር ሲቀራት እጇን ሰበሰበችና ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው።

«ሂጂ፤» አለቻት እያለቀሰች። «ሂጂ፣ አትመኚኝ።»